የዋፊቃ ግድግዳ

አባይነህ ሚስቱን ሰገነትን ያገባት ከነቀለሟ ነው። ጓዟ ሲመጣ ከልብስ ሳጥኗ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ የብሩሽ እስርና የወፍራም ወረቀት ጥቅል አብሮ መጣ። ያን ጊዜ እሱ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል አውቶቡስ የሚነዳ ጎረምሳ ነበር፤ እሷ ደግሞ የሥዕል አስተማሪ። እሱ ማርሽ ሲቀያይር፣ እሷ ብሩሽ ስታጥብ ዕድሜው ሄደ። ልጆቻቸውን አሳድገው ዳሩ፣ ጡረታም ወጡ። ሐረር ውስጥ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ የሥዕል ጠረጴዛዋ ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷ በውሃ ቀለም ትስላለች፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሥዕሉን ስታሳየው "ጥሩ ነው" ይላል። ከዚያ በላይ ብሎ አያውቅም፤ እሷም ከዚያ በላይ ጠይቃው አታውቅም።

ባለፈው ጥር ሰገነት ታመመች። አንድ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትነሳ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሐኪሞቹ ግፊቷ ከፍ ብሎ ጭንቅላቷ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር እንደተዘጋ ነገሯቸው። እግሯ እያደር በረታ፣ አንደበቷም ደህና ነበር። ቀኝ እጇ ግን ቀረ። ማንኪያ እንደምንም ይይዛል፣ ብሩሽ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ሞክራ መስመሩ እንደ ትል ሲጥመለመል አየችና ዕቃዋን ሁሉ ሰብስባ አልጋ ሥር አስገባችው።

"ጠረጴዛው ልብስ ማጠፊያ ይሁን" አለች።

አባይነህ እሺም እምቢም አላላትም። ልብስ ግን አንድም ቀን አላጠፈበትም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ረፋድ፣ ዋፊቃ መጣች። ዋፊቃ ሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ከሰገነት ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተቀጥረው ፀጉራቸው አብሮ ሸብቷል። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ አባትና እናቷ በኖሩበት ቤት ነው የምትኖረው። ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ በረንዳው ላይ ቆመች።

"ግድግዳዬ ሊፈርስ ነው" አለች።

የግቢዋን የውጭ ግድግዳ ማለቷ ነው። ክረምቱ ሆዱን ነፍቶታል። ግንበኛው አይቶት ሰው ላይ ሳይወድቅ አፍርሰን በጋ ሲገባ በአዲስ መልክ እንሥራው ብሏታል።

"ታዲያ አዲስ ሊሠራልሽ አይደል እንዴ? ደስ ሊልሽ ይገባል እንጂ" አለ አባይነህ ወንበር እየሳበላት።

ዋፊቃ ተቀመጠችና ወደ ሰገነት ዞረች። "እናቴ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ትቀባው ነበር። ከሷ በኋላ እኔ። አንዱን ዓመት ነጭ ኖራ፣ አንዱን ዓመት ቀለም። አሁን ሲላላጥ ሁሉም እላዩ ላይ ይታያል። አረንጓዴው እኔ የተዳርኩበት ዓመት ነው። ሮዙ ልጄ ሙና የተወለደችበት። ሰማያዊው ደግሞ አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የሞተበት። ከመፍረሱ በፊት ሳዪልኝ።"

"በስልክሽ አንሺው" አለች ሰገነት ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ።

"አንስቼዋለሁ። ስልኩ ውስጥ ግድግዳ አለ። የእናቴ እጅ ግን የለበትም።"

ሰገነት ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጁ ለብቻው ተንቀጠቀጠ። "ይኸው። በዚህ ልሳልልሽ?"

ዋፊቃ ያንን እጅ በሁለት መዳፎቿ ያዘችው። "አውቃለሁ፣ እህቴ። ወላሂ መንገዱን ሁሉ ሳፍር ነው የመጣሁት። ግን ከአንቺ ሌላ ማንን ልለምን?"

አባይነህ ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያ ከየት እንደመጣለት ሳያውቀው፣

"እኔ እጇን እሆናለሁ" አለ።

ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩት። ሰገነት ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። "አንተ? በራችን ላይ የቤቱን ቁጥር ስትጽፍ ስድስቱን ገልብጠህ ፖስተኛውን ያሳሳትከው?"

"አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ አደርገዋለሁ። ዕድሜ ልኬን 'ወራጅ አለ' ሲሉኝ ስቆም አይደል የኖርኩት? መታዘዝ አያቅተኝም።"

በማግስቱ ሊያዩት ሄዱ። ሰገነት ዋፊቃ ባወጣችላት የፕላስቲክ ወንበር ላይ መንገዱ ዳር ተቀመጠች፤ አባይነህ ጃንጥላ ይዞላት ቆመ። ግንበኛው ዓብዱላሂ ከግቢው ሲወጣ አያትና መጥረጊያውን ጥሎ ሮጠ። ልጅ ሳለ አስተምራው ነበር።

"ቲቸር! ተሻለዎት? አልሐምዱሊላህ!" ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ። የመጡበትን ነገር ሲሰማ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና ራሱን አከከ። "እሺ፣ ለእርስዎ ስል ትንሽ እታገሳለሁ። ግን ሥሩ እንዳይቀመጡ አደራ።"

ሰገነት አባይነህን "ንካው" አለችው።

መዳፉን አሳረፈ። ከታች እርጥብ ነበር፤ ጨዋማ እርጥበት በልቶት ነጭ ነጭ ያበበ፣ እዚህም እዚያም ሽበት ያወጣ የመሰለ። መሐሉ ሸካራ ነው፤ አንዱ ቀለም ሌላውን እያጋለጠ ተልጧል። ከላይ ኖራው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በሩ አርጅቶ እንጨቱ ሥር ሥሩ ወጥቷል።

"ይሄ በመስመር አይሳልም" አለች ሰገነት። "መስመር ቢሆንማ አንተም እኔም አንሆንም ነበር። ይሄ ሸካራው ነው መሳል ያለበት። ሸካራውን ደግሞ ብሩሽ ብቻውን አያወጣውም። ቀለሙና ውሃው ራሳቸው እንዲያወጡት መንገድ ትከፍትላቸዋለህ።"

አባይነህ አልገባውም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ቤት ሲደርሱ አልጋ ሥር ያለውን ዕቃ አወጣ። እሷ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር አምጣ ትለው ጀመር፤ ጨው፣ ሻማ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭ፣ ፌስታል፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ።

"ሥዕል ነው ወይስ ቤት ልናጸዳ ነው?" አለ ተሸክሞ ሲመጣ።

"ዝም ብለህ ወረቀቱን አርጥብ።"

የመጀመሪያው ቀን መከራ ነበር። ወረቀቱን አርጥቦ ሰማያዊ ቀለም አፈሰሰበት። ጨዉን በጣቶቹ ይዞ ቆመ።

"አሁን?"

"ገና። እንደ መስታወት እያበራ ነው። ማብረቅረቁ ሊጠፋ ሲል ነው ጨዉ የሚበተነው።"

"አሁንስ?"

"ገና ነው አልኩህ!"

አላስቻለውም፤ በተነው። ጨዉ ውሃ ውስጥ ሟሟና ቀለሙ የደፈረሰ ጎርፍ መሰለ። ሁለተኛውን ሲሠራ ልጃቸው ስልክ ደወለችና ከሷ ጋር ሲያወራ ወረቀቱ ደረቀ፤ ጨዉ እላዩ ላይ እንደ ቲማቲም ላይ ጨው ተቀምጦ ቀረ። ፌስታሉን ጨማዶ እርጥቡ ቀለም ላይ ሲያስቀምጥ ደህና ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማየት ጓጉቶ ቶሎ ሲያነሳው የወጣው መልክ ሁሉ ተመልሶ ፈሰሰ። በምላጩ ሲፍቅ ወረቀቱን ቀደደው።

"አይደለም! አይደለም እኮ አልኩህ! እጄ ቢሆን ኖሮ…" አለች ሰገነት፣ አልጨረሰችውም።

አባይነህ ምላጩን አስቀመጠ፣ ጃንጥላውን ያዘና ወጣ።

ሸዋ በር ገበያው እንደ ወትሮው ይጮሃል። ሚኒባሶቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ ረዳቶቹ "ድሬ! ድሬ!" ይላሉ። የሚያውቁት ሹፌሮች ሰላም ቢሉት በግማሽ ልብ መለሰ። የተናደደው በሷ አልነበረም። አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሲነሳ እያየ ቆመና የድሮ ነገር ትዝ አለው። አንድ ጊዜ ታሞ ሌላ ሹፌር የሱን መኪና ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጦ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ነበር። ሰውየው ደህና ሹፌር ነው። አባይነህ ግን በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ እግሩ ባዶ ወለል ሲረግጥ፣ የሌለ ፍሬን ሲፈልግ ነው የወረደው። ድሬዳዋ ሲደርስ ልብሱ በላብ ረጥቦ ነበር። ያ ለአንድ ቀን ነው። እሷ በየቀኑ እንደዚያ ነች።

ምናለ ቀድሜ ባሰብኩት ኖሮ፣ አለ በልቡ። ከአንዲት ባልቴት ጋ ደረቅና ጎላ ጎላ ያለ ጨው ገዝቶ ተመለሰ፤ የወጥ ቤቱ ጨው ደቃቅ ስለሆነ ነጥብ ብቻ ይተዋል ስትል ሰገነትን ሰምቷት ነበር።

ሰገነት ከጠረጴዛው አልተነሳችም። በግራ እጇ ስፖንጅ ይዛ አዲስ ወረቀት እያረጠበች ነበር።

"ጮኽኩብህ…" አለች ቀና ሳትል።

"እኔ ብሆን ከአንቺ ይልቅ እጮህ ነበር" አለ አባይነህ። ያንን የደንገጎ ነገር ነገራት፤ ባዶ ወለል ሲረግጥ እያስመሰለ ሲያሳያት በሳቅ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ።

ከዚያ እንደገና ሞከሩ። በዚህ ጊዜ አባይነህ ስለ ሰዓቱ አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ የወረቀቱን ፊት በአግድም ተመለከተ። ውሃው አበራ፣ አበራ፣ ከዚያ ልክ ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ዓይኑ እንደሚደበዝዝ ደበዘዘ። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ራሷን ነቀነቀችለት። ጨዉን ቆንጥሮ ለቀቀው።

"አሁን አትንካው። ተቀመጥና እይ።"

ተቀመጠ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀስ ብሎ በእያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያ ቀለሙ ይሸሽ ጀመር፤ ትንሽ ነጣ ያለ አበባ ተከፈተ፣ ከጎኑ ሌላ፣ ሌላ።

"ሰጊዬ! ይሄ እኮ የግድግዳው እግር ነው! ያ እርጥበቱ የበላው!"

ሰገነት ወረቀቱን አይደለም የምታየው፤ እሱን ነበር።

ጥቂት ቀን እንዲህ ተለማመዱና ዋናውን ሥዕል ጀመሩ። ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ እሷ በጣቷ አሳየችው፤ እሱ እዚያ እዚያው ላይ ሻማ አሸ። ሻማው አይታይም። ግን ቀጭን ቢጫ ቀለም ሲያፈስበት ውሃው ከሰሙ ላይ እየተንሸራተተ ሸሸ፤ ወረቀቱም በየቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ልክ እንደ ቀረ ኖራ። "ይደር" አለች ሰገነት። አሳደሩት።

ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ያነሳው አባይነህ ነው።

"ወደቀ" አለች ዋፊቃ። "ሊነጋጋ ሲል ወደቀ። ሰው አልነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ወደቀ።"

ሰገነት ስትሰማ ቢጫውን ወረቀት ገልብጣ አስቀመጠችው። "አለቀ በቃ። ገና አንዱን ቀለም ነው ያፈሰስነው። የቀረውን ከየት አመጣዋለሁ? የስልኩ ፎቶ እንደሆን ቀለሞቹ የት የት እንደተላጡ በደንብ አያሳይ።"

አባይነህ ወረቀቱን መልሶ በፊቱ ገለበጠው። ከዚያ ባጃጅ ይዞ ወደ ጀጎል ወረደ። መንገዱ በድንጋይና በተሰባበረ ኖራ ተሞልቷል፤ በሩ ብቻ ከነመቃኑ ቆሞ ቀርቷል፣ ከወዲህም ከወዲያም ክፍት ሆኖ። ዓብዱላሂ ድንጋዩን ዳር ያስይዛል። ዋፊቃ የሽርጧ ጫፍ ኖራ ለብሶ ደጃፏ ላይ ቆማ ታያለች።

"ነይ እንሂድ" አላት አባይነህ።

"ወዴት?"

"ወደ ሰገነት። ግድግዳው ባንቺ ዘንድ እንዳለ ነው። እየነገርሽን እንሥራው።"

ሦስቱም በረንዳው ላይ ጠረጴዛውን ከበቡ። መጀመሪያ ዋፊቃ አፏ አልፈታ አለ። "የቱ የት እንደነበር ምኑን አውቀዋለሁ? በየቀኑ የማየውን ነገር መች አስተውዬው" አለች። ሰገነት በግራ እጇ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ "ከቤት ስትወጪ፣ በሩን ስትዘጊ፣ እጅሽ የት ነበር የሚያርፈው?" አለቻት። ዋፊቃ ዓይኗን ጨፈነች። እጇን አየር ላይ ዘረጋች።

"እዚህ። እዚህ አረንጓዴ ነበር። ከሱ በታች ሮዙ፣ ሰፋ ያለ። ሰማያዊው ከላይ፣ ወደ ቀኝ…"

አባይነህ አረንጓዴውን አፈሰሰ። ሰማያዊውን በስፖንጅ እየነካ አነሳ፣ እየነካ አነሳ፤ ቀለሙ እንደ ተላጠ ተቆራርጦ አረፈ። ሮዙ ላይ ፌስታሉን ጨማደደና ጫነው፤ ከላዩ መጽሐፍ አስቀመጠበት። "አሁን ማንም አይንካው፣ በተለይ አንተ" አለች ሰገነት።

ሲጠብቁ ዋፊቃ ወሬ ጀመረች። "አባቴ በሞተ ዓመት፣ እናቴ ሰማያዊውን ከኖራው ጋር ስትበጠብጥ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምን ሆንሽ ስላት 'ኖራ ገባብኝ' አለች። ሳምንት ሙሉ ኖራ ይገባባት ነበር። እኔም ኖራ ነው ብዬ ተቀበልኳት።" ወደ ሰማያዊው ቀለም አየች። "አሁን ነው የገባኝ፣ ለካ ያን ግድግዳ የቀባችው እሱን ስትቀብር ነው።"

ሰገነት ቀኝ እጇን፣ ያንን የሚንቀጠቀጠውን፣ የዋፊቃ ጉልበት ላይ አሳረፈችው። አልደበቀችውም።

ፌስታሉ ሊነሳ ሲደርስ "አንቺ አንሺው" አለቻት። ዋፊቃ ጫፉን ይዛ በቀስታ ላጠችው። ከሥሩ ሮዙ ቀለም ልክ እንደዚያ ግድግዳ ተሰነጣጥቆ፣ ተጨማድዶ፣ ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሮ ወጣ።

"ያ ረቢ!" አለች ዋፊቃ አፏን ይዛ።

"ምን ይቀረዋል?" አለቻት ሰገነት።

"ስንጥቅ ነበረው። ከበሩ በላይ።"

"እንግዲያው እሱ እዚያ ጋ ቀለም ያፍስስ፣ አንቺ ሳይደርቅ በጥፍርሽ ጫሪው።"

"እኔ? አበላሻለሁ አቦ!"

"ጫሪው አልኩሽ።"

ዋፊቃ ጥፍሯን አሳርፋ ሳበች። "ከዚህ ይነሳል… እዚህ ጋ ይታጠፋል… እዚህ ይጠፋል።" እርጥቡ ቀለም ወደ ተጫረው መስመር ገብቶ ጠቆረ። ስንጥቁ ቦታውን ያዘ። በጥርስ ብሩሹ የድንጋዩን ነጠብጣብ የሚረጨው አባይነህ ነበር፤ ብሩሹን በአውራ ጣቱ ሲስበው ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ የሰገነት ጉንጭና የዋፊቃ ሻሽ ላይ አረፈ። ሦስቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ወደ ታች ደግሞ፣ የወረቀቱ ብርሃን ሊደበዝዝ ሲል፣ ማንም ሳይነግረው ጨዉን በተነ።

በሩ ብቻ ቀረ። አባይነህ ብሩሹን አነሳና እጁ ፈራ። የምላጩ ነገር ትዝ አለው። "ይሄንን አልችልም" አለ።

ሰገነት ብሩሹን በግራ እጇ ተቀበለችው። ቡናማውን ነካች፣ ሶፍት ላይ ደጋግማ ጠረገችው፣ ቀለሙ ሊያልቅ ትንሽ እስኪቀረው። ደረቁን ብሩሽ ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ሳበችው። ቀለሙ የወረቀቱን ጉብታ ብቻ እየነካ፣ ጎድጓዳውን እየዘለለ አለፈ፤ ያረጀ እንጨት ሥር ሥሩ ወጣ። እንደገና ሳበች። በሩ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘመም አለባት። ስትጨርስ ብሩሹን አስቀምጣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

አባይነህ "ጥሩ ነው" ሊል አፉን ከፈተና ቃሉ አነሰበት።

"ብነካው ስንጥር የሚወጋኝ ይመስለኛል" አላት።

ሰገነት ቀና ብላ አየችውና ዓይኗ ውሃ ሞላ። ዋፊቃ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረች።

መስከረም ገብቶ ፀሐይ ሲወጣ ዋፊቃ ጠራቻቸው። ሥዕሉን በመስታወት አስገብታ፣ ነደባ ከሚሉት መደብ በላይ፣ እንግዳ ከፍ ብሎ ከሚቀመጥበት ጋ፣ ከሳህኖቹና ከሙዳዮቹ መካከል ሰቅላዋለች። ልጇ ሙና ከድሬዳዋ መጥታ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ነደባው ላይ ወጣችና በቅርብ አየችው። ሮዙን ስታገኝ "እማ፣ ይሄ እኔ ነኝ አይደል?" አለች፤ እናቷ "አንቺ ነሽ" ስትላት ሌላ አልጠየቀችም። ውጭ ዓብዱላሂ አዲሱን ግድግዳ እየገነባ ነበር፤ የመዶሻው ድምፅ ምሳ ሲበሉም አልቆመም። ዋፊቃ አዲሱን ምን ቀለም እንደምትቀባው ገና አልወሰነችም።

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። ሰገነት ክንዱን ይዛ ዳገቱን ቀስ እያሉ ሲወጡ፣ አባይነህ አንድ የማያውቁት ሰው አጥር አጠገብ ቆመ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝገት ነጩን ኖራ እያራሰ ቡናማ ሆኖ ተንዠርጓል።

"ይሄንን በምን እናወጣዋለን?" አላት።

"አንተ ንገረኝ።"

አሰበ። "ወረቀቱን አርጥበን፣ ቡናማውን ከላይ ጠብ አድርገን፣ ከዚያ እናቆመዋለን። ራሱ ይወርዳል።"

"ብዙ ውሃ ከሆነ ይሰፋል እኮ።"

"ትንሽ ነዋ!"

"ትንሽ ስትል ያንተን ትንሽ አውቀዋለሁ።"

የመስከረም ድንገተኛ ካፊያ ጀመረ። ሰዎች ወደ ሱቅ በረንዳዎች ሮጡ። ሁለቱም የዚያው ቤት ጣሪያ ሥር ተጠግተው፣ ዝገቱ ጎን ቆመው፣ ውሃው ስንት ጠብታ መሆን እንዳለበት መከራከራቸውን ቀጠሉ።